የገዛ መርዶዬ

ሐሞቴ ውስጥ ካንሰር እንደተገኘ ሐበሻ ከሚበዛበት ሰፈራችን ከፌርፋክስ ሰው ሁሉ መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ። ሥጋ ቤቱ ያውቃል፣ የበርበሬ ሱቋ ባለቤት ታውቃለች፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሻማ የምትሸጠው ሴትዮ ታውቃለች። ባለሐሞቱ ግን ሆሊውድ ካለችው የፓርኪንግ ጎጆዬ ውስጥ ተቀምጬ፣ የሰው መኪና እየጠበቅኩ፣ ድኛለሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ እውላለሁ። ዛሬ ሳወራው እስቃለሁ። ያን ቀንም የሳቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በሳቄም ሚስቴን ክፉኛ አስቀየምኳት።

ሕመሙ ከፋሲካ በኋላ ነው የጀመረኝ። በጾም የከረመ ሆድ ድንገት ቅባት ሲያገኝ ማጉረምረሙ አይቀርም ብዬ ዶሮውንም ክትፎውንም ስወቅስ ሰነበትኩ። ባለቤቴ ሠናይት ግን ፊቴን እያየች «ይሄ የዶሮ ሕመም አይደለም» ትላለች። በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቴ ሥር ይይዘኝና ወደ ጀርባዬ ይወጋኛል። አንድ ቀን የአንዱን ደንበኛ መኪና ላቆም ገብቼ እዚያው መሪው ላይ ተደፋሁ። ልጃችን ፍናን በርባንክ ካለው ሥራዋ እየበረረች መጥታ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሞቹ በአልትራሳውንድ አይተው «የሐሞት ከረጢትህ ጠጠር ሞልቶታል፣ ይውጣ» አሉ። ወጣ።

ሐሞቱን ያስወጣ ሐበሻ ሁሉ የሚቀለድበት ቀልድ እኔም ደረሰኝ። ጓደኛዬ እንዳሻው አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ድሮም ብዙ አልነበረህም» አለኝ።

ቀላል ነው የተባለው ኦፕሬሽን ለእኔ ቀላል አልሆነም። በትንንሽ ቀዳዳ ሲሠሩ ሆድን በጋዝ ይነፉታል፤ ያ ጋዝ ወደ ትከሻዬ ወጥቶ አላስተኛ አለኝ። ሰመመኑ ሲለቀኝ አስመለሰኝ፣ አንደኛው ስፌት አመረቀዘ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ሕመም አልችልም። እሾህ ቢወጋኝ ሰፈር የማስጠራ ሰው ነኝ። ታዲያ ጠያቂ ቤቱን በሞላበት አንድ ቀን፣ በምሬት ተነሥቼ «ከእንግዲህ ሆዴን ቢላ አይነካውም! ሁለተኛ ከሚቀዱኝ ሙሉ ሰው ሆኜ ብሞት ይሻለኛል፣ መድኃኔ ዓለምን!» ብዬ ማልኩ። ሠናይት ሾርባ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ያቺ መሐላ ናት ሁሉን ጣጣ ያመጣችው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ኋላ ሲነግሩኝ ነው ያወቅኩት። የማላውቀው ቁጥር ሲደውልልኝ ስለማላነሣ፣ ለሆስፒታሉ የሰጠሁት የፍናንን ስልክ ነው። የምርመራ ውጤት የሚላክበትን አፕም የምትከፍተው እሷ ናት። የወጣው ከረጢት እንደ ደንቡ ላቦራቶሪ ገብቶ ሲታይ፣ ግድግዳው ውስጥ ማንም ያልጠበቀው ነገር ተገኘ። ስሙ አዲኖስኳመስ ነው። የሐሞት ከረጢት ካንሰር ራሱ ብዙ ሰው ላይ አይገኝም፤ ይሄ ደግሞ ከዚያም ውስጥ ብርቅ የሆነው፣ ቶሎ የሚዛመተው ዓይነት ነው። ብርቅ ነገር ወድጄ አላውቅም፤ እሱ ግን ወደደኝ። ልጄ በምሳ ሰዓቷ ብቻዋን ቁጭ ብላ አነበበችው።

ቀዶ ሐኪሙም ወዲያው ደወለላት። «ጠጠር እናወጣለን ብለን በአጋጣሚ ነው የደረስንበት፤ ግን እንደገና መግባት አለብን። ከረጢቱ ተጣብቆበት የነበረውን የጉበት ክፍል ቆርጠን፣ በዙሪያው ያሉትን ሊምፍ ኖድ የሚባሉ ፍሬ ፍሬ ነገሮች ለቅመን ማውጣት አለብን፤ ከዘገየን ዕድሉ ያልፋል» አላት። ፍናን «እኛ ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አንናገርም፣ እባክህ እኛው እንንገረው» ብላ ለመነችው። እሱም «እስከ ማክሰኞ ቀጠሮ እጠብቃችኋለሁ። ከዚያ እኔ እነግረዋለሁ። ሆዱ የሱ ነው፣ የሚፈርመውም እሱ ነው» አለ።

እናትና ልጅ ጭንቅ ውስጥ ገቡ። ብንነግረው መሐላውን ይዞ እምቢ ይላል፤ ባንነግረው አይፈርምም። ሠናይት ምክር ፍለጋ የእድራችን ሰብሳቢ ወደሆኑት ወደ እትዬ ሸዋረጋ ሄዳ፣ ምስጢር ነው ብላ አማከረቻቸው። እትዬ ሸዋረጋ ምስጢር ጠባቂ ናቸው፣ አይካድም። ለጥቂት ሰዎች ብቻ፣ ያውም ለጸሎት ብለው ተናገሩ። ለጸሎት የተነገረ ምስጢር ደግሞ ከወሬም ይፈጥናል። በሁለተኛው ቀን ፌርፋክስን ከዳር እስከ ዳር አዳርሶታል።

እኔ ምኑንም ሳላውቅ ሰው ሁሉ መልካም ሆነብኝ። ሥጋ ቤቱ ሳልለምነው ሻኛ ይመርጥልኛል። ሰላም ብሎኝ የማያውቅ ጎረምሳ «ጋሼ ይቀመጡ» ብሎ ይነሣልኛል። ይሄን ሁሉ በሽበቴ አመካኘሁት። የእንዳሻው ግን ሌላ ነው። እኔና እሱ አብረን ታክሲ ከነዳንበት ዘመን ጀምሮ የምንጨቃጨቅበት አንድ ጉዳይ አለን፤ ከፌርፋክስ ኤርፖርት ለመድረስ የቱ መንገድ ይሻላል የሚል። እኔ የላ ሲዬኔጋ ጎዳና እላለሁ፣ እሱ ፈጣኑ አውራ ጎዳና፣ ፍሪዌይ ይላል። በዚህ ነገር ተኳርፈን እናውቃለን፣ ሽማግሌ ገብቶብን ያውቃል። በዚያ ሰሞን ካፌ ቁጭ ብለን እንደ ልማዴ ነገር ስጀምረው ዓይኑን ሲኒው ላይ ተከለና «ሳስበው ሳስበው፣ ላ ሲዬኔጋ ነው የሚሻለው። አንተ ልክ ነህ» አለኝ።

ክው አልኩ።

ሐበሻ እንዲህ የሚሆንልህ መቼ እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። መርዶ ሲኖርህ ነው። ያንተን ሰው ሞት ሰምቶ፣ ሊነግርህ ቀን የሚጠብቅ ሰው ዓይንህን አያይም፤ ያልከውን ሁሉ እሺ ይልሃል። ወዲያው ሐሳቤ የሄደው ደሴ ወዳለው ታላቅ ወንድሜ ወደ ቀለመወርቅ ነው። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ጥርሴን አልለወጥኩም ነበር። ያስተማረኝ፣ የዳረኝ፣ ወደዚህ አገር ስመጣ ደረቱ ላይ ለጥፎ ያለቀሰልኝ ቀለመወርቅ ነው። ስኳር ካለበት ቆይቷል። ብደውልለት ስልኩ ዝግ ነው። ደግሜ ብደውል ዝግ ነው።

«ወንድም ጋሼ ስልኩን አያነሣም» አልኳት ሠናይትን።

«ኔትወርክ ይሆናል» አለችና ፊቷን ወደ ሳህኑ አዞረች። ድምጿ ልክ አልነበረም። በቃ፣ ሞቷል አልኩ።

እኔም እንዳልጠረጠረ ሰው ዝም አልኩ። ሊነግሩኝ ቀን እስኪመርጡ ልጠብቃቸው እንጂ ምን አደርጋለሁ? ጎጆዬ ውስጥ ብቻዬን ስሆን አለቅሳለሁ፣ መኪና ሲመጣ ዓይኔን ጠርጌ ቲኬት እሰጣለሁ። ሠናይትም ለእኔ ስታለቅስ ነበር ለካ፣ የምትሠራበት ሬስቶራንት ጓዳ ውስጥ፣ በሽንኩርቱ እያሳበበች። ማታ ተገናኝተን ሁለታችንም ያበጠ ዓይናችንን ይዘን ራት እንበላለን።

ቅዳሜ፣ ገና ሳይነጋ፣ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። አንድ፣ ደግሞ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። በመስኮቱ መጋረጃ አሾልቄ ባይ ቄስ ኖላዊ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ እትዬ ሸዋረጋ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ፣ ሌሎች ሴቶችም ተከትለው ወደ ደረጃው ይመጣሉ። ከሁሉ ኋላ እንዳሻው፣ ፀሐይ አናቱ ላይ ካልወጣች የማይነሣው እንዳሻው፣ ጥቁር ኮት ለብሷል።

በእነሱ ቤት ይሄ ሁሉ ለእኔ በሽታ ነው። እትዬ ሸዋረጋ «ክፉ ወሬ እንደ ወጉ ነው የሚነገረው» ብለዋል። ክፉ ወሬ የሚነገርበትን ሌላ መንገድ ደግሞ ከመካከላቸው የሚያውቅ አልነበረም። በማለዳ፣ ሰብሰብ ብሎ፣ ቄስ ይዞ፣ ነጠላ አዘቅዝቆ። ለሞተ ሰው የተሠራ ወግ መሆኑን ማንም አላሰበውም።

በሩ ሳይንኳኳ እኔ ጀመርኩት። «ወንድሜን! ወንድም ጋሼን! አባቴን!» ደረቴን እየደቃሁ ሳሎኑ መሃል ተዘረጋሁ። በሩን ከፍታ ያስገባቻቸው ፍናን ናት። ሴቶቹም ሰው ሲያለቅስ ቆሞ ማየት አይሆንላቸውምና ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ተቀብለው አነቡ። እትዬ ሸዋረጋ «ሰምቶ ኖሯል! ማን ነገረው?» እያሉ ይዞራሉ። የታች ቤቱ ጎረቤታችን ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት መታ። ቄስ ኖላዊ ጎንበስ ብለው «አይዞህ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉኝ። ይሄ ደግሞ ለሐዘንተኛ የሚባል ነውና ቁርጤን አወቅኩ።

«መቼ ተቀበረ?» አልኳቸው በለቅሶ መሃል።

ለቅሶው ቀጥ አለ።

«ማን?» አሉ ቄስ ኖላዊ።

«ቀለመወርቅ ነዋ!»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። በመጨረሻ እንዳሻው ትዕግሥቱ አለቀና «ሰውዬ፣ ምን ነካህ? ቀለመወርቅ አልሞተም! የመጣነው ላንተ ነው። ካንሰር የተገኘብህ አንተ ነህ!» አለ። እትዬ ሸዋረጋ በክርናቸው ጎሸሙት፤ ስንት ቀን ያጠኑት ንግግር ነበራቸው።

«እኔ?»

«አዎ፣ አንተ።»

«ቀለመወርቅስ?»

«ደህና ነው እያልኩህ!»

አላመንኩም። ፍናን በእጇ ይዛው በነበረው ስልክ ለወንድሜ ልጅ በቪዲዮ ደወለች። እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው። ምስሉ እየተነቃነቀ ሲመጣ ቀለመወርቅ ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ ይሞቃል። ለካ የራሱ ስልክ ውኃ ገብቶበት ነው የተዘጋው። እንባዬን ሲያይ ደነገጠ። «ምነው ተክሌ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም ወንድም ጋሼ! ማንም!» አልኩና ሳቄ መጣ። የታፈነ ሳቅ አይደለም፣ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት። «ተመስገን! እኔው ነኝ! እኔው ከሆንኩማ ምን ችግር አለ! ቁጭ በሉ እንጂ፣ ፍናን፣ ሻይ አፍዪላቸው!» ስልኩን ስሜ ስሜ ዘጋሁት። ሰዎቹ ይስቁ ያልቅሱ ጠፍቷቸው ሶፋው ጫፍ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ዘወር ስል ሠናይት የለችም።

መኝታ ቤት አገኘኋት። እኔ በምተኛበት በኩል አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋ ጭኗ ላይ ተጠቅልሏል።

«ሠናይት፣ ሰዉ ቁጭ ብሏል እኮ» አልኳት።

«ተመስገን አልክ» አለችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ወንድሜ መስሎኝ ነዋ።»

«ገባኝ። ወንድምህ ስለተረፈልህ ደስ አለህ፣ ደስ ይበልህ። እኔ ግን ይሄን ሁሉ ሰው ሰብስቤ የባሌን መርዶ ነው ያመጣሁት። ለቀለመወርቅ መሬት ላይ ስትንፈራፈር አየሁህ ተክሌ። ደረትህን ስትደቃ አየሁህ። እኔስ? እኔ ላንተ እንዲያ እንድሆን ነው የምትፈልገው? ሆዴ አይነካም ብለህ የማልክ ጊዜ፣ እኔን ማን እንደሚያነሣኝ አስበሃል?»

አላሰብኩም ነበር። በጠቅላላው አላሰብኩም። የሞት ነገር ሲነሣ እኔ ሁልጊዜ የማስበው ስለሚሄደው ሰው ነው፤ ስንት ይሠቃያል፣ እንዴት ይሞታል እያልኩ። የሚቀረውን ሰው አስቤ አላውቅም። በዚያ ሰሞን ግን፣ ላልሞተ ወንድሜ በስውር ሳለቅስ፣ መቅረት ምን እንደሆነ ቀምሼዋለሁ። ያውም የውሸቱን ነው የቀመስኩት። እሷ ደግሞ እውነተኛውን ተሸክማ ሥራ ትገባለች፣ ራት ታቀርባለች፣ «ኔትወርክ ይሆናል» ትለኛለች። እዚያው ቆሜ እያለሁ በጣም አሳዘነችኝ። ከሐኪም ቢላ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር ፊቷ ላይ አየሁ።

አጠገቧ ተቀመጥኩና «ምን አድርግ ነው የሚሉኝ?» አልኳት።

ነገረችኝ። ጉበቱን፣ ፍሬዎቹን፣ ማክሰኞን። መናገር ስትጀምር ማቆም አቃታት።

«ምያለሁ እኮ» አልኳት ስትጨርስ።

«የሚፈታ ሰው ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል» አለችኝ።

ተያይዘን ወጣን። ቄስ ኖላዊ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው መሐላዬን ፈቱልኝ። «ንስሐ ግን አለብህ» አሉ።

«ስግደት አልችልም አባ፣ ስፌቴ አልደረቀም።»

«ስግደት ማን አለህ? ንስሐህ ሐኪሙ ያለህን ማድረግ ነው። ሳታጉረመርም።»

«ሳታጉረመርም የምትለውን ያንሡለት አባ፣ በአንድ ጊዜ ይበዛበታል» አለ እንዳሻው። ያን ጊዜ ነው ሠናይት ጥርሷ የታየው።

ማክሰኞ ሐኪሙ ምንም ሳይደብቅ አስረዳኝ። ወረቀት ላይ ጉበት ሳለልኝ፣ የሚቆርጠውን ቦታ አጠቆረልኝ። በሽታው ብርቅ ስለሆነ ብዙ የተጻፈ ነገር የለም፣ የምነግርህ ከሚመስለው በሽታ ተነሥቼ ነው አለ። መጀመሪያ ስካን እናደርጋለን፣ ሌላ ቦታ ካልሄደ እንገባለን አለኝ። «ብተወውስ?» ብዬ ጠየቅኩት። «የዛሬ ዓመት እንዲህ ቁጭ ብለን ላናወራ እንችላለን» አለ። ስካኑ ሌላ ቦታ ምንም አላሳየም። ፈረምኩ።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቢብስ እንጂ አይሻልም። የአሁኑ በቀዳዳ አይደለም፤ ከጎድን አጥንቴ ሥር ሰፋ አድርገው ነው የከፈቱኝ። ሳታጉረመርም የተባልኩትን አልቻልኩም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሠናይት ከአጠገቤ አልጠፋችም። እሷ እንግሊዝኛዋ ያን ያህል አይደለም፤ ጓዳ ውስጥ ከሜክሲኮ ልጆች ጋር ስትሠራ የለመደችው ስፓኒሽ ነው። የምትረዳኝ ነርስ ስፓኒሽ ተናጋሪ ሆና ተገኘች። እኔ በታክሲ እንግሊዝኛዬ ለምኜ ያጣሁትን ብርድ ልብስ ሠናይት በስፓኒሽ ሁለት አድርጋ አስመጣችው። ሲመሽ ሁለቱ ስለ እኔ ያወራሉ፣ ወደ እኔ እያዩ ይስቃሉ። ምን እንደሚባባሉ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

የላቦራቶሪው ውጤት የመጣ ዕለት ፍናን ሥራ ላይ ነበረች። ሐኪሙ ገብቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሠናይት እግርጌዬ ሆና በብርድ ልብሱ ላይ እግሬን ይዛለች። በስልክ አስተርጓሚ ላስመጣ ወይ ቢለኝ፣ እኔው እነግራታለሁ አልኩት። እሱ ያወራል፣ እሷ የእሱን አፍ ትታ የእኔን ፊት ታያለች። የተቆረጠው የጉበት ጠርዝ ንጹሕ ነው አለ፤ የቀረ ነገር አልታየም። ካወጣናቸው ፍሬዎች ግን አንዷ ላይ ተገኝቷል አለ። ስለዚህ ስድስት ወር የሚዋጥ የካንሰር መድኃኒት፣ ኪሞ፣ ትወስዳለህ፣ ከዚያም በየጊዜው በስካን እናይሃለን። ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል።

«ምን አለ?» አለችኝ።

«ጠርዙ ንጹሕ ነው አለ። ምንም የቀረ የለም።»

እግሬን ለቀቀችና ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። ስታነሣው ያ ፊት ስንት ሳምንት ያላየሁት ፊት ነበር። የጥንቷ ሠናይት ነች። እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ውሸት አልተናገርኩም፤ ንጹሕ ነው ብሏል። ቀሪውን ዛሬ ባትሰማው ምን ይጎድላል? ትንሽ ትረፍ፣ ቤት ስንገባ፣ ሌላ ቀን፣ ሰብሰብ ስንል። ምላሴ ላይ ሁሉም ምክንያት ተሰልፎ መጣ። የደበቁኝ ሰዎች ላይ ውስጥ ውስጡን ቂም ይዤ ነበር፤ እዚያው አልጋ ላይ ለቀቀኝ። ለካ ማንም ሊዋሽ አይነሣም፤ የሚወደውን ሰው ፊት ማጥቆር አቅቶት ነው።

«ሠናይት» አልኳት፣ «አልጨረስኩም።»

እጇ ባለበት ቆመ።

«ከፍሬዎቹ አንዷ ላይ ተገኝቷል። ለሱ ኪሞ እወስዳለሁ፣ የሚዋጥ ክኒን ነው፣ ስድስት ወር። ሊመለስ ይችላል ብሏል።»

እግሬን መልሳ ያዘችው።

«አንዷ ብቻ?» አለችኝ።

«አንዷ ብቻ።»

«ሌላ የደበቅከኝ አለ?»

«የለም።»

«በእኔ ሞት?»

«ሞትሽን አልጠራም። የለም አልኩሽ፣ የለም።»

ለብዙ ጊዜ አየችኝ። እንዳመነችኝ ሳውቅ ነው እኔ ማልቀስ የጀመርኩት። ሠናይት ጫማዋን አወለቀች፣ «ጠጋ በልልኝ» አለችኝ፣ እኔም ስፌቴን ይዤ ትንሽ በትንሽ ተጠጋሁላት። ጠባቡ አልጋ ላይ ከጎኔ ጋደም አለች። ሐኪሙ ብድግ ብሎ መብራቱን ቀነሰልንና በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ።